ከተባለው የሚወጣውና የማይወጣው

ለተከበሩ የጋዜጣው አዘጋጅ፣

ጤና ይስጥልኝ። የምጽፍላችሁ ከጅማ ነው። ሂርማታ አካባቢ እኖራለሁ። ሥራዬ ቡና መቅመስ ነው፤ በዚሁ ሥራ 19 ዓመት ሆኖኛል። ጋዜጣችሁን ባለቤቴ ከመርካቶ ሲመለስ ይዞልኝ ይመጣል። እሑድ ቡና እስኪፈላ ቁጭ ብዬ አነበዋለሁ። ለጋዜጣ ደብዳቤ ስጽፍ የመጀመሪያዬ ነውና ቢረዝምባችሁ ታገሡኝ።

ያስነሳኝ የልጄ ነገር ነው። አሥራ ሁለተኛ ክፍል ናት፤ ዘንድሮ ትፈተናለች። ቅዳሜ ማታ ሳሎን ተቀምጣ የአፕቲትዩድ ጥያቄ ትሠራ ነበር። እኔ ወጥ ቤት ሽሮ እያማሰልኩ ነው። ድምጿ ጠፋብኝና ብቅ ብዬ ሳይ እንባ አቅርራለች። «እማ፣ እኔ ይሄ ነገር አይገባኝም። በቃ ጭንቅላቴ አይሠራም» አለችኝ።

ጥያቄው በእንግሊዝኛ ነው። ወደ አማርኛ መልሳ ነገረችኝ። መጀመሪያ አንድ ዓረፍተ ነገር ይሰጣል። «ከማህበሩ አባላት በቀር ማንም ሰው ቡናውን በዚህ መጋዘን ማስቀመጥ አይችልም» ይላል። ከሥሩ ሁለት ድምዳሜ አለ። አንደኛው «የማህበሩ አባል የሆነ ሁሉ ቡናውን በዚህ መጋዘን ማስቀመጥ ይችላል» የሚል ነው። ሁለተኛው «በዚህ መጋዘን ቡናውን ያስቀመጠ ሰው ሁሉ የማህበሩ አባል ነው» ይላል። የትኛው ድምዳሜ ነው ከተባለው ነገር የሚወጣው? አንደኛው፣ ሁለተኛው፣ ሁለቱም ወይስ አንዳቸውም?

ልጄ «ሁለተኛው ብቻ» ብላ መልሳለች። በፎቶ ኮፒ እየተባዛ የሚሸጠው መጽሐፍ ግን ከኋላ «ሁለቱም» ይላል። ለምን እንደሆነ አንድ ቃል ማብራሪያ የለውም። አንድ ፊደል ብቻ ነው።

ሽሮዬን አውርጄ አጠገቧ ተቀመጥኩ። ደጋግሜ አስነበብኳት። ልጄ ትክክል ነበረች፤ የተሳሳተው መጽሐፉ ነው። ማህበሩ ለአባል በሩን እከፍታለሁ አላለም። አባል ላልሆነ እዘጋለሁ ነው ያለው። አባል ሆኖ መዋጮ ያልከፈለ ቢመጣስ? አባል ሆኖ ቡናው ገና እርጥብ የሆነስ? መጋዘኑ ሞልቶ ቢሆንስ? ዓረፍተ ነገሩ ስለነዚህ ትንፍሽ አላለም። ሁለተኛው ድምዳሜ ግን በግድ ይወጣል። አባል ያልሆነ ማስቀመጥ ካልቻለ፣ ያስቀመጠው ሰው አባል ከመሆን ሌላ መውጫ የለውም።

«ግን እማ፣ አባል ከሆነማ ማስቀመጥ ይችላል እኮ። ማህበር ማለት ያ አይደል እንዴ?» አለችኝ። ይችል ይሆናል። ምናልባትም በዚያ ማህበር አባል ሁሉ ያስቀምጣል። ጥያቄው ግን «እውነት ሊሆን ይችላል ወይ?» አይደለም። «ከዚህች ዓረፍተ ነገር ብቻ ይወጣል ወይ?» ነው። እነዚህ ሁለቱ የተለያዩ ጥያቄዎች ናቸው። ደብዳቤዬን የምጽፈው ሁለቱን እየደባለቅን ልጆቻችንንም ራሳችንንም ስለምንጎዳ ነው።

ይሄን ያስተማረኝ ትምህርት ቤት አይደለም፤ የቡና ስኒ ነው። አንድ ናሙና ሲመጣ መጀመሪያ ጥሬው ይታያል። እርጥበቱ ይለካል፣ የተበላሸው ፍሬ ይለቀማል፣ ይሸተታል። ከዚያ ይቆላል፣ ይፈጫል፣ በአምስት ስኒ ይቀዳል። ከመቶው ነጥብ ለጥሬው 40፣ ለስኒው 60 ነው። አምስቱንም ስኒ በማንኪያ እየሳብኩ እቀምሳለሁ፤ እተፋለሁ። አራቱ ደህና ሆነው አንዱ ሻጋታ ሻጋታ ቢለኝ ምን ማለት እችላለሁ? ናሙናው ውስጥ ቢያንስ አንድ የተበላሸ ፍሬ አለ። ይሄን ያለ ፍርሃት እጽፋለሁ። ጆንያው ሁሉ ሻግቷል ማለት ግን አልችልም።

ሥራ በጀመርኩ በሁለተኛው ወር እንዲህ ያለ ስኒ ገጠመኝ። ማስታወሻዬ ላይ «አቅራቢው እርጥብ ቡና ቀላቅሏል» ብዬ ጻፍኩ። ያለማምዱኝ የነበሩት ጋሼ ወረቀቱን አይተው ጠሩኝ። አሁን በሕይወት የሉም፤ ነፍሳቸውን ይማር። «ልጄ፣ ምላስሽ አቅራቢውን አልቀመሰም። ስኒውን ነው የቀመሰው። ስኒው የነገረሽን ጻፊ» አሉኝ። ሻጋታ ከመንገድም ይመጣል። አይሱዙው ሸራው ተቀዶ ዝናብ ገብቶ ሊሆን ይችላል። መጋዘኑ አፍስሶ ሊሆን ይችላል። አቅራቢው ቀላቅሎም ሊሆን ይችላል። እኔ ግን የቀመስኩት ሻጋታ ብቻ ነው። ያቺ አንዲት መስመር የሰውየውን ስም ልታጠፋ ነበር። ወረቀቱን ቀድጄ በአዲስ ጻፍኩ። ዛሬም ድረስ ማንኪያ ባነሳሁ ቁጥር የጋሼ ድምፅ ይሰማኛል።

«አንዳንድ» የሚለው ቃልም እንዲሁ ያሳስታል። ልጄ በብዛት የምትሳሳተው እሱ ላይ ነው። ከአምስቱ ስኒ ሁለቱን ቀምሼ ሁለቱም ሻጋታ ቢሆኑ «ከዚህ ናሙና አንዳንዱ ስኒ ሻጋታ አለው» ማለት እችላለሁ። እውነት ነው። ከዚህ ተነስቶ «እንግዲያው አንዳንዱ ደህና ነው» የሚል ሰው ግን ተሳስቷል። ሦስቱን ገና አልቀመስኳቸውም። አምስቱም ሻጋታ ሊሆኑ ይችላሉ። በዕለት ንግግራችን «አንዳንዱ» ስንል «ሁሉም አይደለም» ማለታችን ነው፤ የለመድነው እንደዚያ ነው። በፈተናው ግን «አንዳንድ» ማለት «ቢያንስ አንድ» ማለት ብቻ ነው። ይሄን ልዩነት ለልጆቹ ቁጭ ብሎ የሚነግራቸው ሰው ቢኖር ስንት ነጥብ ይተርፍላቸው ነበር።

እኔም ብሆን ሁልጊዜ አልጠነቀቅም። ዓምና ለአንድ ጉዳይ ወደ አንድ መሥሪያ ቤት ሄድኩ። በሩ ላይ «ያለ ክሊራንስ ማንም አይስተናገድም» የሚል ወረቀት ተለጥፏል። በስልኬ ፎቶ አነሳሁት። ክሊራንስ ለማግኘት አራት ቀን ተመላለስኩ። በአምስተኛው ቀን ይዤ ከጠዋቱ 2 ሰዓት ተሰለፍኩ። ተራዬ የደረሰው 9 ሰዓት ገደማ ነው። መስኮቱ ላይ ያለችው ልጅ ወረቀቴን አየችና «እትዬ፣ የኪራይ ውልስ?» አለችኝ። አልያዝኩም። «ክሊራንስ አምጡ አላላችሁም እንዴ?» ብዬ ጮህኩባት። ሰው ሁሉ ዞሮ አየኝ።

ማታ ፎቶውን ከፍቼ አነበብኩት። ማስታወቂያው ክሊራንስ ያለው ይስተናገዳል አላለም። የሌለው አይስተናገድም ነው ያለው። ድምዳሜውን የጨመርኩት እኔ ነኝ። የመጋዘኑ ጥያቄ ራሱ ነው፤ መልኩን ቀይሮ መጣብኝ። በማግስቱ ተመልሼ ሄጄ ልጅቱን ይቅርታ ጠይቄያለሁ። ግን ልንገራችሁ፣ ማስታወቂያውን የጻፈውም ሰው ጥፋት አለበት። የሚያስፈልገውን ሁሉ ዘርዝሮ መጻፍ ሁለት ደቂቃ አይፈጅም። ከቀርሳና ከሰቃ በታክሲ የሚመጣ ገበሬ አምስት ቀን ቢመላለስ የሥራ ቀኑን የሚመልስለት የለም።

አሁን ወደ ከበደኝ ነገር ልምጣ።

በ2014 ዓ.ም. የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና በየዩኒቨርሲቲው ግቢ መሰጠት ጀመረ። በዚያ ዓመት 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። በ2015ቱ ፈተና ደግሞ 3.2 በመቶ። አገሩ ሁሉ ደነገጠ። እኔም ደንግጫለሁ። ከዚህ ቁጥር የሚወጣው ከመቶ ተፈታኝ 97ቱ ገደማ ከግማሽ በታች ማምጣታቸው ነው። በዚያ ሰሞን ግን ከቁጥሩ ያልወጣ ነገር የለም። አንዱ «የዛሬ ልጅ ሰነፍ ነው» አለ። አንዱ «መምህሩ አያስተምርም» አለ። ሌላው «ሆን ብለው ፈተናውን አከበዱት» አለ። ሦስቱም ሊሆኑ ይችላሉ። አብረውም ሊሆኑ ይችላሉ። ግን 3.2 የሚለው ቁጥር አንዱንም አይናገርም። እያንዳንዱ የራሱ ማስረጃ ያስፈልገዋል።

ትልቁ ልጄ የተፈተነው ከ2014 በፊት ነው። በራሱ ትምህርት ቤት፣ በራሱ ዴስክ ላይ። አልፎ ተምሮ ተመርቋል፤ ዛሬ ሥራ ላይ ነው። ባለፈው ፋሲካ ቤታችን ቡና ተፈልቶ ዘመድ ተሰብስቦ ሳለ አንድ የምናከብረው ሰው ስለ ፈተና ወሬ አነሳ። «ኩረጃው ሲቆም አላፊው ጠፋ። እንግዲያው ከ14 በፊት ያለፈ ሁሉ በኩረጃ ነው ያለፈው» አለ። ልጄ ስኒ እያደለ ነበር። ምንም አልተናገረም። ስኒውን ሰጥቶ ወጣ። በረንዳ ላይ ብቻውን ቆሞ አገኘሁት። መብራት ሲጠፋ በሻማ ያጠና እንደነበር እኔ አውቃለሁ። የሻማ ጠባሳ ያለበት ጠረጴዛ አሁንም ቤቴ አለ።

ተመልሼ ገብቼ ሰውየውን በአክብሮት ጠየቅኩት። ኩረጃ ቀንሶ አላፊ ከቀነሰ፣ ድሮ ካለፉት አንዳንዶቹ ኮርጀው ሊሆን እንደሚችል እጠረጥራለሁ። ጥርጣሬው ጤነኛ ነው። «ሁሉ» የሚለው ግን ከየት መጣ? ደግሞም ድሮ የመግቢያ ነጥቡ ከዓመት ዓመት ይለዋወጥ ነበር። አሁን ደግሞ መለኪያው 50 በመቶ ሆኗል። «አለፈ» የሚለው ቃል ራሱ ትርጉሙ ተለውጧል። ቁናው ተለውጦ እያለ እህሉን እንዴት ማወዳደር ይቻላል? ሰውየው አዋቂ ነው፤ ትንሽ አሰበና «ልክ ነሽ፣ ሁሉ ማለት አልነበረብኝም» አለ። ልጄን ጠርቶም ትከሻውን መታ መታ አደረገው። አከበርኩት። ግን ይሄን ንግግር ስንት ቤት ውስጥ ስንት ልጅ ሰምቶ ዝም ብሎ እንደወጣ ሳስብ ሆዴ ይባባል።

እዚህ ላይ ለእናንተ ለጋዜጠኞቹም አንድ ነገር አለኝ። አማርኛችን አንድ ወጥመድ አለው። «ሁሉም ትምህርት ቤቶች ተማሪ አላሳለፉም» ብትሉ አንባቢ ሁለት ነገር ይረዳል። አንዱ «አንድም ትምህርት ቤት አላሳለፈም» ብሎ ያነባል። ሌላው «ያሳለፉ አሉ፣ ያላሳለፉም አሉ» ብሎ ያነባል። በ2015ቱ ፈተና አንድም ተማሪ ያላሳለፉት 1,328 ትምህርት ቤቶች ነበሩ። ብዙ ነው፤ ያማል። ግን ሁሉም አይደሉም። በሁለቱ ንባብ መካከል ያለው ልዩነት የሰማይና የምድር ያህል ነው። ስለዚህ ርዕስ ስታወጡ «አንድም» ለማለት ከሆነ «አንድም» በሉ። «ከፊሉ» ለማለት ከሆነ «ከፊሉ» በሉ። ብዙ ሰው ከርዕሱ በታች አያነብም። ድምዳሜውን ከርዕሱ ላይ ይዞ ይሄዳል፤ ታክሲ ውስጥ ያወራዋል።

የአገሬ ቡና ስምም በዚሁ መንገድ ተጎድቷል። በውጭ ገበያ «ጅማ 5» የሚባል አለ። ደረጃው ዝቅ ያለ ደረቅ ቡና ነው። ይሄ እውነት ነው፤ አልክድም። ከዚህ ተነስቶ «የጅማ ቡና ዝቅተኛ ነው» የሚል ሰው ግን አዲስ አበባም ገጥሞኛል፣ እዚሁ ፈረንጅ አራዳም ገጥሞኛል። አይወጣም! አምስት የአንድ ደረጃ ቁጥር ነው እንጂ የአገር ስም አይደለም። በንግዱ ቋንቋ «ጅማ» ሲባል ከኢሉባቦር የሚመጣውንም ይጨምራል። ደግሞስ ሊሙ ተብሎ የሚከበረው የታጠበ ቡና የሚበቅለው የት ነው? እዚሁ ጅማ ዞን። ከአጋሮ ዙሪያ፣ ከጎማና ከጌራ የሚመጣውን የታጠበ ቡና ስቀምስ ማንኪያዬን ማስቀመጥ ያቅተኛል። «ጅማ 5 ዝቅተኛ ነው» ከሚለው የሚወጣው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ከጅማ ስም ጋር የሚሸጥ ቢያንስ አንድ ዝቅተኛ ቡና አለ። በቃ።

አንድ የጎማ ገበሬም አንዴ «አዴ፣ ቡናዬ ደረቀብኝ። በሽታ አይነካውም ተብዬ ነበር» ብለው አማረሩኝ። የተከሉት 74110 የሚባለውን ዝርያ ነው። በ1960ዎቹ፣ በፈረንጅ 1971 መሆኑ ነው፣ ሲቢዲ የሚባለው የቡና ፍሬ በሽታ አገራችን ገባ። ከዚያ በኋላ ነው በሽታውን የሚቋቋሙ ዝርያዎች እየተፈለጉ የተመረጡት። 74 የሚለው የተመረጠበት የፈረንጅ ዓመት ነው። እዚህ መልኮ ያለው የምርምር ማዕከል የሚያውቀው ሥራ ነው። ዝርያው ሲቢዲን ይቋቋማል ተባለ። ይሄ ማለት ቅጠልና ግንድ የሚያደርቀውንም ሌላ በሽታ ይቋቋማል ማለት አይደለም። ለገበሬው የነገራቸው ሰው ወይ አሳጥሮ ነግሯቸዋል፣ ወይ እሳቸው አስረዝመው ሰምተዋል። ጉዳቱ ግን የሳቸው ብቻ ሆነ።

ዩኒቨርሲቲ የገባ ልጅ አንደኛ ዓመት ላይ ሎጂክ የሚባል ትምህርት ይወስዳል። ትልቁ ልጄ ደብተሩን አሳይቶኛል፤ ወድጄዋለሁ። ግን ዘግይቷል። ዩኒቨርሲቲ የማይገባው ይበዛል። እሱስ የመሥሪያ ቤት ማስታወቂያ አያነብም? የመድኃኒት ብልቃጥ ላይ ያለውን አያነብም? ውል አይፈርምም? ድሮ አባቶቻችን ችሎት ቆመው «በላ ልበልሃ» ሲባባሉ አንዱ የሌላውን ቃል ይዞ ያስጨንቀው ነበር ይባላል። ያልተባለውን እንደተባለ አድርጎ ማለፍ ቀላል አልነበረም። ነገር በምሳሌ የሚጣፍጠው ሕዝብ ይሄን ለልጆቹ ማስተማር አያቅተውም።

ልመናዬ ይሄ ነው። ጋዜጣችሁ ለተማሪዎች የምትሰጡት ገጽ አለው። በየሳምንቱ አንዲት የድምዳሜ ጥያቄ አውጡ። በሚቀጥለው ሳምንት መልሱን ከነምክንያቱ አትሙ። ፊደሉን ብቻ ሳይሆን ለምን እንደሚወጣ፣ ለምን እንደማይወጣ። ልጄን ያስለቀሳት ጥያቄው አይደለም፤ ምክንያት የሌለው የተሳሳተ ፊደል ነው። ምሳሌዎቹ ከኛው ሕይወት ቢሆኑ ደግሞ እናቶችም ከልጆቻችን ጋር አብረን እንሠራቸዋለን። ከቡናው በኩል ያለውን እኔ እልክላችኋለሁ፤ በነፃ ነው።

መጽሐፉን በተመለከተ፣ ልጄ ሰኞ ለመምህሯ አሳይታዋለች። እሳቸውም አንብበው ያንቺ ነው ልክ ብለዋታል፤ ለክፍሉም አስረድተዋል። ከዚያ ወዲህ ቤት ውስጥ ጥያቄ እሷ ናት የምታወጣው። ለመጀመሪያው ሳምንት ይሆናችሁ እንደሆነ ከነዚያ አንዱን ጽፌላችኋለሁ።

«ዝናብ ከዘነበ አያቴ በማድረቂያ አልጋ ላይ የተሰጣውን ቡና ሁልጊዜ ይሸፍናሉ። አሁን የአያቴ ቡና ተሸፍኗል።» ድምዳሜ አንድ፦ አሁን እየዘነበ ነው። ድምዳሜ ሁለት፦ ቡናው ሳይሸፈን ባገኘው ኖሮ፣ እየዘነበ አይደለም ማለት ነበር። የትኛው ይወጣል?

ከአክብሮት ጋር
አንዲት ቡና ቀማሽ፣ ከጅማ